የጀልባው ፊልም መጨረሻ

ሆሳዕና፣ ታኅሣሥ 10 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለውድ ልጄ ለሆሴዕ፣

የሁላችን ጠባቂ የሆነ አምላክ በሰው አገር ጥላህ ይሁን። ጤናህ እንዴት ነው? ሱቁስ እንዴት ይዞሃል? እኔ የእግዚአብሔር ቸርነት አልተለየኝም። ጉልበቴ ብቻ የስፌት መኪናውን መርገጫ ጠልቶታል። እኔም ሌላ ሥራ ስለማላውቅ እየተጨቃጨቅን አብረን እንኖራለን።

አክስትህ ውቢት ካረፈች ሁለተኛ ዓመቷን አሳለፍን። አባ ቅዳሴ ቀደሱላት። ወንድምህ ኤሊያስም ከቦኖሻ መጥቶ አብሮኝ ዋለ። እናንተ ጴንጤዎች ለሞተ ሰው መጸለይ አትወዱም፣ እርሱ ግን በሩ አጠገብ ቆሞ እስኪያልቅ ጠበቀ። እግዚአብሔር ይስጠው።

የጻፍኩልህ ስለ ልጃችን ስለ ሳሙኤል ነው። በመስቀል ማግስት ከመናኸሪያ መሄዱን ታውቃለህ። ቀን ስንበላው የዋልነውን የመስቀል ምግባችንን አተካና ማታም ደገመው፣ "አባዬ፣ እዚያ ይሄ የለም አሉ" እያለ። ከናይሮቢ አንድ ደብዳቤ ደርሶኛል። የመንገድ ጓደኛው ፍፁም አብሮት እንዳለ፣ ወደ ታንዛኒያ እንደሚሻገሩ፣ አንተ ዘንድ ሲደርስ እንደሚጽፍ ይላል። ከዚያ ወዲህ ወሬ የለም። ደርሶልህ እንደሆነ አንዲት ቃል ጻፍልኝ።

ትናንት በሽብሩ ቪዲዮ ቤት በኩል አለፍኩ። አሁን ወፍጮ ቤት ሆኗል። ዱቄቱ መንገድ ድረስ ነጭ ነው። ቆሜ ስስቅ የወፍጮው ሰው "ጋሼ፣ ምን ጠፋብዎት?" አለኝ። ምን ልበለው? አንተ ቴሌቪዥኑ አጠገብ በዱላህ ቆመህ የሕንዱን ፊልም ስትተረጉምልን ታይተኸኝ ነው። አባትህ ወንጌላዊው መዘምራን ጋ ሄዷል ብለው ሲያስቡ አንተ እዚያ የሕንድ ባልቴት ሆነህ ታለቅሳለህ! ያ ጎረምሳው ጥሩሰው "ሰውዬው ይሄን ሁሉ አውርቶ፣ አንተ 'እሺ' ብቻ ነው ያለው ትለናለህ?" ሲልህ፣ "የሕንድ ቋንቋ ረጅም ነው" ብለህ አፉን አስያዝከው።

ካየሁት ሁሉ የጀልባውን ፊልም የሚያህል የለኝም። አክስትህ በዕድሜዋ ቪዲዮ ቤት የገባችው ለእርሱ ብቻ ነው። ሳሙኤል በመካከላችን ተቀምጦ ነበር። ያቺ ሰው በጀልባ የምታሻግር እናት ልጇ ከተማ ሲሄድ አላለቀሰችም። የተወውን ሸሚዝ አጠፈችው፣ ደግሞ ዘረጋችው፣ ደግሞ አጠፈችው። ምንም አላለችም፤ አንተም የምትተረጉመው አጣህና ዝም አልክ። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ሸሚዝ ሲታጠፍ ሺህ ጊዜ አይቻለሁ። እንደዚያ ግን አይቼ አላውቅም። መጨረሻ ላይ ጀልባው ሲመጣ፣ እርሷም ነጭ ለብሳ ስትወርድ፣ "ልጁ የሰርግ ልብስ ላከላት፣ እርሱም በሚቀጥለው ጀልባ እየመጣ ነው፣ የምታለቅሰው ከደስታ ነው" ብለህ ስትነግረን ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። ውቢት እስከ ቤታችን እየሳቀች ሄደች።

ሳሙኤል ሲነሣ በዚያ ፊልም ያለውን ልጅ የመሰለ ሰፊ ኮሌታ ያለው ሸሚዝ ሰፋሁለት። ሳየው ደስ አለኝ። አሁን ሌሊት ስነቃ ግን ያን ሁሉ ሩቅ ከተማ በዓይኑ ያስገባሁበት እኔ ነኝ ወይ እላለሁ።

እመቤታችን ትጠብቅህ።

ጋሽህ ወንዳፈረው

ጆሃንስበርግ፣ የካቲት 25 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለማከብርህና ለምወድህ ጋሼ ወንዳፈረው፣

በጌታችን በኢየሱስ ስም ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስ። ቶሎ ስላልመለስኩ ይቅር በለኝ። ሎኬሽን በሚሉት የጥቁሮች ሰፈር ውስጥ ሱቅ ማለት እስር ቤት ነው፣ በፍርግርጉ ቀዳዳ ዳቦና ስኳር እያቀበልክ ትውላለህ።

ሳሙኤል ደኅና ነው። እኔ ጋ ብዙ አልቆየም፤ ራቅ ወዳለ ከተማ አንድ ዳቦ ጋጋሪ ወሰደው። ሰውዬው ልጅ የለውምና እንደ ልጁ ነው የሚያየው። ሌሊት ይጋግራሉ፣ ቀን ይተኛል። ስልክ የላቸውም። እኔም ያለሁበት የስልክ ነገር አያመችም፣ ቴሌ ሄደህ እንዳትደክም። በደብዳቤ ይሻለናል።

ስለ ሽብሩ ቤት የጻፍከውን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ። ደንበኛው አብዷል ብሎ ዳቦውን ትቶ ሊሄድ ነበር። ያን ሁሌ የሚሞተውን ባለ ሪዝ ወንበዴስ ታስታውሰዋለህ? ደረቱን ይዞ ሦስት ጊዜ ዞሮ የሚወድቀውን? ሰው ሁሉ "አሁንስ አይነሣም!" እያለ ይወራረድ ነበር።

ጋሼ፣ ብቻህን አትዋል። ሰው ቤት ሂድ፣ ኤሊያስንም ጥራው። አደራ።

ልጅህ ሆሴዕ

ሆሳዕና፣ ሚያዝያ 8 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለውድ ልጄ ለሆሴዕ፣

ሞትን በሞቱ የሻረ ጌታ እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰህ። ደብዳቤህ የደረሰኝ በሆሳዕና እሑድ ዋዜማ ነው። ፖስታ ቤቱ በር ላይ ቆሜ አነበብኩት፣ መንገድ ላይ ደገምኩት፣ ቤት ገብቼ ለውቢት ፎቶግራፍ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ለአባም ነግሬያቸው የምስጋና ቅዳሴ ተቀደሰ። ጎረቤት ሁሉ "እንኳን ደስ ያለህ" አለኝ። ጥሩሰው ግን ያው ጥሩሰው ነው። "ዳቦ ጋጋሪ? እቤት ድፎ ሲሸት እንኳ ከእንቅልፉ የማይነሣ ልጅ!" ብሎ አሳቀን።

እኔም አንድ ነገር አስገረመኝ። የባለ ጀልባዋ ሴትዮ ልጅም ከተማ ሲደርስ ዳቦ ቤት አልነበር የተቀጠረው? ልጅ የሌለው ባለ ዳቦ ቤት እንደ ልጁ ወሰደው ብለኸን አልነበር? እግዚአብሔር አንዳንዴ ሰው በፊልም ያየውን በእውን ያደርግለታል ማለት ነው እያልኩ አመሰገንኩ።

ወንበዴውን አስታወስከኝ። ሳሙኤል ትንሽ ሳለ ያ ሰው በሌላ ፊልም ብቅ ሲል እጄን ይዞ "አባዬ፣ ባለፈው ሞቶ አልነበር?" ይለኝ ነበር። ትወና ነው፣ ከሞተ በኋላ ተነሥቶ ልብሱን ያራግፍና ምሳውን ይበላል ብዬ አስረዳሁት። ከዚያ በኋላ ሰው በሞተ ቁጥር "አሁን ምሳ ሊበላ ነው" እያለ ከጎኑ ያለውን ሁሉ ይረብሽ ጀመር። የሰውዬው አወዳደቅ ግን ያምር ነበር። ሞትን እንደዚያ የሚችልበት ሌላ ሰው አላየሁም።

ኤሊያስ መጥቶ ነበር። ሱሪ ላሰፋ ነው አለኝ። ሜትሬን አነሣሁ፣ "ትንሽ ልረፍ" አለ። ሻይ ቀረበለት፣ ቀዘቀዘ። ስለ ቦኖሻ በቆሎ አወራን። ከዚያ ሳይለካ ተነሥቶ ሄደ። የሚጨንቀው ነገር ያለ ይመስለኛል። አንተ ታውቅ እንደሆነ ጻፍለት።

አንድ ልመና አለኝ። ሳሙኤል በእጁ ጽፎ አንዲት መስመር ይላክልኝ። "ደኅና ነኝ" ይበቃኛል። የእርሱ "ደ" ወገቧ ጎባጣ ናት፣ ከሩቅ አውቃታለሁ።

ጋሽህ ወንዳፈረው

ጆሃንስበርግ፣ ሐምሌ 28 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለውድ ጋሼ፣

ሰላም ላንተ ይሁን። ዘገየሁ፣ አውቃለሁ። ልጽፍ ስቀመጥ ደንበኛ ያንኳኳል፣ ደንበኛ ሲጠፋ ደግሞ እጄ አይታዘዝም።

ሳሙኤል ያልጻፈው እጁን ምድጃ ስላቃጠለው ነው። አትደንግጥ። የባለቤትየው ሚስት እንደ እናት ሆና ታክመዋለች፣ በማንኪያ ታበላዋለች። ሲድን ይጽፋል።

ኤሊያስ ከዚያ ወዲህ አልመጣም? እባክህ ሲመጣ ጊዜ ስጠው፣ ቶሎ አትሸኘው። ክረምቱ መንገዱን ያዘበት እንጂ መምጣቱ አይቀርም።

ያንን የካራቴ ፊልም አስታወስኩ፣ ሽማግሌው ከመምታቱ በፊት ጎንበስ ብሎ ይቅርታ የሚጠይቀውን። ምን እንደሚል አላውቅም ነበር። "ይቅርታ፣ እኔ ካልነገርኩህ ሌላ ሰው ይነግርሃል" ይላል ብዬ ተረጎምኩት። ለምን እንደዚያ እንዳልኩ አሁን ድረስ አላውቅም።

ጸልይልኝ።

ሆሴዕ

ሆሳዕና፣ መስከረም 27 ቀን 1997 ዓ.ም.

ለልጄ ለሆሴዕ፣

የእግዚአብሔር ሰላም ከአንተ ጋር ይሁን። መስቀልን ከኤሊያስ ጋር ዋልኩ። ራሱ መጣ። አተካና ቀረበ፣ ሁለታችንም ዳር ዳሩን ነካካን። "ሱሪውስ?" አልኩት። ከመቀመጫው ተነሣ፣ እጁን ዘረጋ። ሜትሩን ወገቡ ላይ ሳዞር፣ "ጋሼ፣ ሌላ ቀን" ብሎኝ ወጣ። ኮፍያውን ረስቷል።

አሁን የምጽፍልህን በትዕግሥት አንብበው።

ጎረቤቴን መምህርት ኤልሳቤጥን ታውቃታለህ፣ ከአንጋጫ ተዛውራ የመጣችውን። ወንድሟ ከአዲስ አበባ የሲዲ ማጫወቻ አመጣላት፣ ከሲዲዎቹም አንዱ ላይ ጀልባና መቅዘፊያ አየሁ። ያችው ሴትዮ ናት። እንደ ሕፃን "አገኘሁ!" ብዬ ጮህኩ። ከታች በእንግሊዝኛ የሚናገሩት ተጽፎ ያልፋል። ኤልሳቤጥ እያነበበች በአማርኛ ትነግረኝ ጀመር። እንደ አንተ ድምፅ አትቀያይርም፣ እንደ ተማሪ ስም ትጠራዋለች፣ ግን የተጻፈውን ነው የምትለው።

ሆሴዕ፣ ዳቦ ቤት የለም። ልጁ የሠራው ሸክላ የሚተኮስበት ቦታ ነው። ልጅ የሌለው ደግ ሰው የለም። እጁም አልተቃጠለም። ያን ጊዜ ስትተረጉምልን ያቃጠልከው አንተ ነህ፤ ሚስትየዋ በማንኪያ ታበላዋለች ያልከንም ሌላ ሴት ሌላ ልጅ ስታበላ ነው። እኔ እነዚህን ሁሉ ከፊልሙ የማውቃቸው መስሎኝ ነበር። ለካ የማውቃቸው ካንተ አፍ ነው። አሁንም ከደብዳቤህ ውስጥ መልሰው መጡብኝ።

ኤልሳቤጥን "እስኪ አቁሚው" አልኳት። ውጭ ወጥቼ መቁጠሪያዬን ያዝኩ። ከዚያ ተመልሼ "ቀጥዪ" አልኳት።

ጀልባው መጣ። እናትየው ነጭ ለብሳ ወረደች። ኤልሳቤጥን "ምን ይላል?" አልኳት። "ጋሼ፣ በእነርሱ አገር ነጭ የሐዘን ልብስ ነው" አለችኝ።

እኛ ጥቁር ስናውቅ ኖርን። ነጭ ስናይ አጨበጨብን።

በአንተ ብቻ አልፈርድም። ያን ቀን እኔ አንድ ነገር አይቼ ነበር። ጨርቁ ጥለት የለውም፣ ጠርዙም አልተዘመዘመም። ክሩ እንደተንጠለጠለ ነው። ለሰርግ እንዲህ ያለ ልብስ ማን ይልካል ብዬ በልቤ አልኩ። ግን ውቢት እየሳቀች ነበርና ያየሁትን ተውኩት። ባለፈው ፋሲካም እንዲሁ አደረግሁ። የዳቦ ቤቱን ነገር ሳነብ ልቤ ቆም ብሏል፣ እኔ ግን ቅዳሴ አስቀደስኩበት። እግዚአብሔር በሐሰት አመሰገንከኝ ይለኝ ይሆን? አባን ልጠይቃቸው አፈርኩ።

ሌላም ልንገርህ። ሽብሩ "አለቀ!" ብሎ ሲያጠፋው ፊልሙ አላለቀም ነበር። ይቀጥላል። በማግስቱ ሰዎች ወንዙ ዳር ተሰብስበው ይጠብቃሉ፤ አንዱ ፍየል ይዟል፣ አንዷ ሕፃን አዝላለች። ማንም አይጠራትም። እርሷ በዚያው ነጭ ልብስ ትመጣለች፣ መቅዘፊያውን ታነሣለች፣ ታሻግራቸዋለች። አንድ ቃል አትናገርም። ያን ያህል ዓመት ስለዚያች ሴት ትወና ሳወራ የኖርኩት ዋናውን ሳላይ ነው። የቆረጥክብን ሞቱን ብቻ አይደለም ልጄ፤ ከሞቱ በኋላ የመጣውንም ነው።

ስልክ የማትደውልልኝ ለምን እንደሆነ ገብቶኛል። ድምፅህን አውቀዋለሁ።

እንግዲህ እጠይቅሃለሁ። ሳሙኤል የት ነው? የተጻፈውን ንገረኝ። እስከ መጨረሻው።

ወንዳፈረው

ጆሃንስበርግ፣ ኅዳር 14 ቀን 1997 ዓ.ም.

ጋሼ፣

ይህን ደብዳቤ ኤሊያስ ነው በእጁ የሚሰጥህ። እርሱ ከሽማግሌዎችና ከአባ ጋር ጎሕ ሲቀድ መጥቶ ካልነገረህ እንዳይሰጥህ አስምዬዋለሁ። ስለዚህ ይህን የምታነበው ሰምተህ፣ ሰው ከቦህ፣ አልቅሰህ ነው። መርዶ በወረቀት አይነገርም። ያንን አላፈርስም ብዬ ነው ሌላውን ሁሉ ያፈረስኩት።

ፍፁም እኔ ጋ የደረሰው ብቻውን ነው። ሳሙኤልን ማላዊ ከገቡ በኋላ ወባ ያዘው። በቆሎ ጎተራ ውስጥ ተደብቀው ነበርና ፍፁም ወጥቶ ሰው ጠራ። የመንደሩ ሴቶች ውኃ አመጡለት፣ አልዘለቀም። እንዳንተ ካቶሊኮች ናቸው። የጸሎት መሪያቸው በራሳቸው ቋንቋ ጸለዩለት፣ ከእንጨት መስቀል አበጁለት። ያንተን ሸሚዝ እንደለበሰ ነው የተቀበረው። ጨርሶ ደክሞ ሳለ "አባዬ" እያለ ያወራ እንደነበር ፍፁም ነግሮኛል። ምን አለ ብዬ ጠየቅሁት። "አልሰማሁም፣ በሀዲይኛ ያንሾካሹክ ነበር፣ እኔ ደግሞ የከምባታ ልጅ ነኝ" አለኝ። ይህን ልተረጉምልህ እችል ነበር ጋሼ። ያማረ ነገር ይመጣልኛል። አልተረጉመውም።

የመጀመሪያውን ውሸት በጻፍኩልህ ቀን ለኤሊያስ እውነቱን ጽፌለታለሁ። "ፊቱን ሳይ አፌ ይታሰራል" እያለ ቀኑን ገፋው፤ እኔም እርሱ እስኪነግርህ እያልኩ ቀጠልኩ። የጀልባው ፊልም መጨረሻ ምን እንደሆነ ያን ቀንም ገብቶኝ ነበር። አክስቴ ሳሙኤልን አቅፋ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ነበር። ሽብሩን ጠቀስኩት፣ አጠፋው።

ይቅር በለኝ ለማለት አፍ የለኝም።

ሆሴዕ

ሆሳዕና፣ ታኅሣሥ 19 ቀን 1997 ዓ.ም.

ለልጄ ለሆሴዕ፣

የሚያዝኑትን የሚያጽናና አምላክ ብቻህን ባለህበት ይጎብኝህ።

መጡ። ውሻው ሳይጮህ የብዙ ሰው እግር ሰማሁ። ለብሼ ነበር የጠበቅኋቸው፤ ለስንት ማለዳ ለብሼ እንደጠበቅሁ እርሱ ያውቃል። በሩን ከፈትኩና "ግቡ፣ ቆማችሁ አትንገሩኝ" አልኳቸው። ኤሊያስ እግሬ ላይ ወደቀ። እኔ ነኝ ያነሣሁት። ከዚያ በኋላ ያለውን አልጽፍልህም፤ ሰው ሲወድቅ እንደዚያ ወንበዴ አያምርም።

ፍትሐት ተደረገለት። የአባትህ ቤተ ክርስቲያን ሰዎችም መጥተው በሀዲይኛ ዘመሩልኝ። ጥሩሰው ድንኳኑ ውስጥ ከጎኔ አልተነሣም፣ አንድ ቀልድም ከአፉ አልወጣም።

ደብዳቤህን ደጋግሜ አነበብኩ። ፍፁም አልሰማሁም ያለበት ቦታ ላይ እቆማለሁ። ጎዶሎ ነው። ግን ያንተ አይደለም፣ የእርሱ ነው። ስላልሞላኸው እግዚአብሔር ይባርክህ።

ስለ ይቅርታ አሰብኩ። ውቢት ያን ቀን እየሳቀች ወጣች፤ ያንን ሳቅ ከእጇ የምነጥቅበት ምክንያት አላገኘሁም። ለእርሷ ያልከው ለእርሷ ይሁን። ለእኔ ግን ከእንግዲህ ምንም አትቁረጥልኝ፣ ያንተን ኑሮም ቢሆን። ዳቦ በፍርግርግ ስታቀብል ማንን ትፈራለህ? ከማን ጋር ትበላለህ? ያንን ጻፍልኝ።

ሰኞ ሱቄን ከፈትኩ። መጀመሪያ የመጣው ኤሊያስ ነው። መርገጫው ላይ እግሬን ሳሳርፍ ያቺ ሴትዮ መቅዘፊያውን እንዴት እንዳነሣች አሰብኩ። በሁለት እጇ ነበር፣ እንደ አዲስ ሰው። ኤሊያስን ለካሁት፣ ቆረጥኩ፣ ሰፋሁ። ጥቁር ሱሪ ነው። ጠርዙን በእጄ ዘመዘምኩት።

አሁን ደውል። በየካቲት የመጀመሪያ ሐሙስ ከቀትር በኋላ ቴሌ ተቀምጬ እጠብቃለሁ። ድምፅህ ቢሰበርም ግድ የለም። ሰዎች ምን ሆነህ ነው የምትጮኸው ቢሉኝ፣ መስመሩ ነው እላቸዋለሁ።

ጋሽህ ወንዳፈረው